ትዕግሥት ወይስ ግትርነት? የባለቀለም ቴሌቪዥን የንግድ ታሪክ

የአንድ ንግድ ኩባንያ መሪ ገና ባልበሰለ የፈጠራ ሥራ ላይ የሰውን ገንዘብ እያፈሰሰ፣ ጋዜጣው ሲስቅበት፣ ተወዳዳሪው ሲያላግጥበት፣ የአክሲዮኑም ዋጋ ሲወርድበት «ታገሡ፤ ጊዜው ይደርሳል» ቢል፣ ይህን ሰው አርቆ አሳቢ እንበለው ወይስ ግትር? ይህ ጥያቄ በእኛ በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ እየተነሣ ብዙውን ጊዜ በጩኸት የሚያልቅ ነው። አንዱ ወገን የተሳካላቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ትዕግሥትን ያመሰግናል፤ ሌላው ወገን የከሠሩትን እየቈጠረ ያወግዛል። ሁለቱም ወገኖች የሚፈርዱት መጨረሻውን ካዩ በኋላ ስለ ሆነ ፍርዳቸው ለማንም እምብዛም አይጠቅምም። ሎተሪ የወጣለት ሁሉ ብልህ፣ ያልወጣለት ሁሉ ሞኝ አይደለምና።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። ፌስቡክ ይባል የነበረው ኩባንያ በ2021 ስሙን ሜታ ብሎ ለወጠ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ዐይን ላይ የሚጠለቁ መሣሪያዎችንና በእነርሱ አማካይነት የሚታየውን ምናባዊ ዓለም የሚሠራው ክፍሉ፣ ሪያሊቲ ላብስ የተባለው፣ ከ2021 እስከ 2024 ባሉት አራት ዓመታት ከ57 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዘገበ። በ2022 መጨረሻ ላይ የኩባንያው አክሲዮን ከዓመት በፊት ከነበረው ዋጋ ወደ ሩብ ገደማ ወርዶ ነበር። አልቲሜተር የተባለ ባለአክሲዮን ድርጅት ለሕዝብ ይፋ በሆነ ደብዳቤ ይህ ወጪ በዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ጠየቀ። የኩባንያው መሪ ማርክ ዙከርበርግ ግን ወጪውን ቀጠሉበት። ከዚያ በኋላ አክሲዮኑ አገግሟል፤ ሆኖም ያገገመው በማስታወቂያ ገቢውና በወጪ ቅነሳው እንጂ በዚህ ክፍል ትርፍ አይደለም። ይህ ክርክር መደምደሚያው ገና ስላልታየ ለጥናት አይመችም። ስለዚህ እኛ የመረጥነው መጨረሻው የታወቀ፣ መዝገቡም የተዘጋ አንድ የቆየ ታሪክ ነው። ደግነቱ በዚያው በአንድ ኩባንያ ቤት ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ውጤቶች መገኘታቸው ነው።

አር ሲ ኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ ራዲዮ ኮርፖሬሽን በ1919 ተቋቋመ። ለብዙ ዘመን የመሩት ዴቪድ ሳርኖፍ በ1891 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ በሚንስክ አጠገብ ባለች መንደር ተወልደው፣ በ1900 ኒውዮርክ የገቡ፣ በልጅነታቸው ጋዜጣ ሲሸጡ የኖሩ፣ በ1906 በማርኮኒ ኩባንያ በተላላኪነት ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። በ1930 የአር ሲ ኤ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ስለ ተሰጣቸው ከዚያ ወዲህ በቢሮአቸውም ሳይቀር «ጄኔራሉ» ይባሉ ነበር።

ስለ እርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ቭላዲሚር ዝዎሪኪን የተባሉ ከሩሲያ የመጡ መሐንዲስ ቴሌቪዥንን ለገበያ ለማብቃት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበቃ ሲጠየቁ 100 ሺህ ዶላር ያህል አሉ። ትርፍ ከመታየቱ በፊት የወጣው ግን 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው ይባላል። ሳርኖፍ ይህን ለእንግዶቻቸው እየሳቁ ይተርኩት ነበር። እኛ ግን ከሣቁ ይልቅ ሒሳቡን እንድናስተውል እንወዳለን፤ ግምቱ የተሳሳተው 500 ጊዜ ያህል ነው። በዚህ ዐይነት ሥራ ውስጥ የወጪ ግምት ማለት ይህን ያህል የማይታመን ነገር ከሆነ፣ «በዕቅዱ መሠረት እየተጓዝን ነው» የሚለው የሥራ አስኪያጆች ቃልም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚሰማ ነው።

ጥቁርና ነጩ ቴሌቪዥን በ1939 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ጦርነቱ አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ ገበያው ሲከፈት የቀለም ጉዳይ ወዲያው ተነሣ። በዚያን ጊዜ ሁለት መንገዶች ነበሩ። ሲ ቢ ኤስ የተባለው የማሠራጫ ኩባንያ ፒተር ጎልድማርክ የተባሉ መሐንዲስ ያወጡትን ዘዴ ይዞ ቀረበ። በካሜራውና በመቀበያው ፊት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስተዋት የተገጠመበት ክብ ሰሌዳ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ዐይናችንም የሦስቱን ቀለሞች ሥዕሎች በተራ በተራ ተቀብሎ አንድ ያደርጋቸዋል። ሥዕሉ ውብ ነበረ። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክቡ ሰሌዳ ከሥዕሉ ስፋት ከእጥፍ በላይ መሆን ስላለበት መቀበያው ሲተልቅ ሰሌዳው ቤት የሚሞላ ይሆናል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቀድሞ ጥቁርና ነጭ መቀበያ የገዛ ሰው ይህን ስርጭት በጥቁርና ነጭ እንኳ ሊያየው አይችልም፤ ተጨማሪ መሣሪያ ካልገዛ በቀር።

የአር ሲ ኤ ዘዴ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር አልነበረውም፤ ሁሉም በኤሌክትሮን ይሠራል። ከሁሉ በላይ ግን የቆየው መቀበያ አዲሱን ስርጭት በጥቁርና ነጭ እንዲያይ ያስችላል። ይህ እንዴት እንደ ተቻለ በአጭሩ እናስረዳ። የሚላከው ምልክት በሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል የሥዕሉን ብሩህነትና ጨለማ ብቻ ይይዛል፤ ይህ የቆየው መቀበያ ድሮም የሚያነበው ነው። ሁለተኛው ክፍል የቀለሙን ወሬ ይይዛል፤ በዚያው ጠባብ የሞገድ መንገድ ውስጥ ተሸሽጎ ይጓዛል፤ የቆየው መቀበያ አያስተውለውም፣ አዲሱ መቀበያ ግን ፈልጎ ያወጣዋል። አንድ ሰው በአማርኛ ሲናገር አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ነገሩን ይሰማል፤ ቅኔ የሚያውቀው ደግሞ በዚያው ቃል ውስጥ ወርቁን ያገኛል። ሰሙ ለሁሉም ነው።

ሐሳቡ ይህን ያህል ያማረ ሲሆን ሥዕሉ ግን አሳፋሪ ነበር። በ1949 በዋሽንግተን በፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ፊት በተደረገው ሙከራ ቀለሞቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሱ ተመልካቹን አሳቁ። ሳርኖፍ ራሳቸው በኋላ ሲያስታውሱ ዝንጀሮዎቹ አረንጓዴ፣ ሙዙም ሰማያዊ ሆኖ ነበር ብለው ይቀልዱ እንደ ነበር ተጽፏል። ኮሚሽኑ በ1950 በኦክቶበር ወር የሲ ቢ ኤስን ዘዴ አጸደቀ። አር ሲ ኤ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1951 በሜይ ወር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። በሰኔም ሲ ቢ ኤስ የመጀመሪያውን የንግድ ባለቀለም ስርጭት አስተላለፈ።

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች የሳርኖፍን ጽናት ብቻ ያወድሳሉ። እኛ ግን አንድ ሌላ ነገር አብሮ መታየት አለበት እንላለን። ክሱ ሲጓተት አር ሲ ኤ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ጥቁርና ነጭ መቀበያ በገፍ ይሸጥ ነበር። በ1951 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዱ እንኳ የሲ ቢ ኤስን ቀለም ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ሊያይ አይችልም ነበር። በየወሩ የሚሸጠው እያንዳንዱ መቀበያ በተወዳዳሪው ዘዴ ላይ የሚሰጥ ድምፅ ነው። ስለዚህ የሳርኖፍ ትዕግሥት ጾምና ጸሎት አልነበረም፤ ጊዜው ራሱ ለእርሳቸው እንዲሠራ አድርገው ነበር የሚጠብቁት። ከዚያ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መንግሥት ለኮሪያ ጦርነት ጥሬ ዕቃ እንዲቈጠብ ሲል የባለቀለም መቀበያ ሥራ እንዲቆም ጠየቀ፤ ሲ ቢ ኤስም ወደ ሥራው አልተመለሰም።

በዚህ መካከል በፕሪንስተን የሚገኘው የአር ሲ ኤ ላቦራቶሪ ትልቁን ችግር ፈታ። ይኸውም የሥዕሉ ቱቦ ነው። ሦስት የኤሌክትሮን ጠመንጃዎች ከኋላ ሆነው ይተኵሳሉ፤ ከፊታቸው በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ የብረት ወንፊት አለ። ጠመንጃዎቹ የተለያየ አቅጣጫ ስላላቸው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሲያልፉ አንዱ ቀዩን ነጥብ ብቻ፣ አንዱ አረንጓዴውን ብቻ፣ አንዱም ሰማያዊውን ብቻ ይመታል። ይህ ቱቦ በ1950 ለኮሚሽኑ ሰዎች ታየ። ከዚያም የብዙ ኩባንያዎች መሐንዲሶች በአንድ ኮሚቴ ተሰብስበው ዘዴውን አስተካከሉት፤ ኮሚሽኑም በዲሴምበር 17 ቀን 1953 የቀድሞ ውሳኔውን ለውጦ ይህን አጸደቀ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ በዚሁ ሥርዓት ሠርቷል።

ጸደቀ ማለት ግን ተሸጠ ማለት አይደለም። የሳርኖፍ እውነተኛው ፈተና የጀመረው ካሸነፉ በኋላ ነው።

በ1954 አር ሲ ኤ የመጀመሪያውን ባለቀለም መቀበያ በ1,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዓመት የአንድ መካከለኛ አሜሪካዊ ቤተ ሰብ ገቢ 4,200 ዶላር ያህል ነበር። ይህ ማለት የሦስት ወር ያህል ገቢ ለአንድ ሣጥን መክፈል ነው፤ ሥዕሉም ከጐኑ በርካሽ ከሚሸጠው ከጥቁርና ነጩ ያነሰ፣ ቀለሙም በየጊዜው የባለሙያ እጅ የሚሻ። በቀለም የሚተላለፈው ዝግጅት ደግሞ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ሕዝቡ አልገዛም። የተሸጠው በጥቂት ሺህ የሚቈጠር ነበር።

ትችቱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። ታይም መጽሔት በ1956 ባለቀለም ቴሌቪዥንን ከዓመቱ የኢንዱስትሪ ውድቀቶች ሁሉ ጐልቶ የተሰማ ነው ሲል ጻፈ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሪ ራልፍ ኮርዲነር ባለቀለም መቀበያ የገዛ ሰው ቤቱ ውስጥ መሐንዲስም ማስቀመጥ ሳያስፈልገው አይቀርም ማለታቸው ይነገራል። ዜኒት የተባለው ዋና ተወዳዳሪ ፋብሪካ ነገሩ አልበሰለም ብሎ እስከ 1961 ድረስ ባለቀለም መቀበያ ሳይሠራ ቆየ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በ1956 ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ዕቃው ይበላሻል፣ ገዢም የለም። ይህን ነጥብ ደጋግመን የምናነሣው ትችት ሁሉ ከአላዋቂነት ወይም ከቅናት የመጣ አድርገው የሚጽፉ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ በዙ ነው። ተቺዎቹ የሚያዩት የዛሬውን ነው፤ ዛሬውም በእርግጥ መጥፎ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ሳርኖፍ ምን አይተው ጸኑ የሚለው ነው። ልብ ብለን ስንመረምረው ሦስት ነገር እናገኛለን፤ የመጀመሪያው ከሁለቱ ይልቅ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በቀለም ሥራ ውስጥ እንቁላሉ ይቅደም ዶሮዋ የሚባለው ችግር ነበረ። ተመልካች ዝግጅት ከሌለ መቀበያ አይገዛም፤ ማሠራጫው ተመልካች ከሌለ በቀለም አያስተላልፍም፤ ማስታወቂያ አስነጋሪውም ሁለቱ ከሌሉ ገንዘብ አይከፍልም። መቀበያ ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ቋጠሮ ሊፈታው አይችልም። አር ሲ ኤ ግን ኤን ቢ ሲ የተባለውን የማሠራጫ ድርጅት በባለቤትነት ይዞ ነበር። ስለዚህ ሳርኖፍ በአንድ እጃቸው ዕቃውን እየሠሩ በሌላው እጃቸው ለዕቃው ምክንያት የሚሆነውን ዝግጅት ያሠራጩ ነበር። በጃንዋሪ 1 ቀን 1954 በፓሳዴና የሚደረገውን የጽጌረዳ ሰልፍ ኤን ቢ ሲ ከዳር እስከ ዳር በቀለም አስተላለፈ። በ1959 ቦናንዛ የተባለውን የከብት አርቢዎች ታሪክ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በቀለም ማሳየት ጀመረ። በ1961 ደግሞ የዋልት ዲዝኒ ዝግጅት ከሌላ ጣቢያ ወደ ኤን ቢ ሲ ተዛውሮ በቀለም ሲቀርብ፣ ወጪውን ከሸፈኑት አንዱ ራሱ አር ሲ ኤ ነበር፤ ሁለተኛውም ባለቀለም ፊልም የሚሸጠው ኮዳክ ነው። እንግዲህ ጄኔራሉ ገበያው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ገበያውን በገንዘባቸው ይገነቡት ነበር እንጂ። ትዕግሥት የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ ትንሽ የሚያሳስት ይመስለናል፤ ተቀምጦ መጠበቅን ያስመስላልና።

ሁለተኛው ነገር የሚለካ መሻሻል ነው። 1,000 ዶላር የነበረው ዋጋ በ1956 ወደ 495 ዶላር ወረደ፤ 15 ኢንች የነበረውም ቱቦ 21 ኢንች ሆነ። ሽያጩ ባይንቀሳቀስም ዋጋውና ጥራቱ ይንቀሳቀሱ ነበር። ከውጭ የሚያይ ሰው የሽያጩን ቁጥር ብቻ ያያል፤ ከውስጥ ያለው ደግሞ ዋጋው ከቤተ ሰቡ ኪስ ጋር የሚገናኝበት ቀን እየቀረበ መሆኑን ያሰላል። ሦስተኛው የገንዘብ ምንጭ ነው። ኩባንያው ከጥቁርና ነጭ መቀበያ ሽያጭና ሌሎች ፋብሪካዎች ለፈጠራ መብቱ ከሚከፍሉት ገንዘብ በቂ ገቢ ነበረው። ተበድሮ የሚታገሥ ሰው ባለዕዳው በሩን ሲመታ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ሳርኖፍ ግን በራሳቸው ጐተራ ነበር የሚታገሡት።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር አር ሲ ኤ ትርፍ ከማየቱ በፊት በቀለም ላይ 130 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን ይናገራል። ትርፉ በ1960 መጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ክረምት ጎርፍ ነበር። ዜኒት በ1961 ገባ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሦስቱም ታላላቅ ማሠራጫዎች የማታ ዝግጅታቸውን ወደ ቀለም አዛወሩ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 በጥቁርና ነጭ ሥራውን ሲጀምር በአሜሪካ ይህ ጎርፍ ሊገነፍል ተቃርቦ ነበር፤ ቀለም እኛ ዘንድ የደረሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1984 ነው። ዘግይቶ የሚገዛ አገር የሌላውን የሙከራ ኪሳራ አይከፍልም፤ ይህ ምናልባት የድኻ ብቸኛ ትርፍ ሳይሆን አይቀርም። በምትኩ የትኛው ዘዴ ይጽና በሚለው ምክር ላይም አይቀመጥም።

ይህ ነገር ወደ ዜኒት ይመልሰናል። ዜኒት ተቺ ነበር፤ ተችቶም ተቀመጠ፤ ሌላው 130 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ መንገዱን ሲጠርግ ቆይቶ በተጠረገው መንገድ ገባ። በ1970ዎቹም በባለቀለም መቀበያ ሽያጭ አር ሲ ኤን ቀደመው። እንግዲህ ማን ነው አስተዋዩ? የጽናትን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ይህን ክፍል ይዘልሉታል። እኛ ግን ለአገር የሚበጅና ለባለአክሲዮን የሚበጅ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ስለ ሆነ ሊዘለል አይገባም እንላለን። ሁሉም እንደ ዜኒት ቢጠብቅ ኖሮ ቀለም በዚያ ዘመን አይመጣም ነበር። የዜኒት ባለአክሲዮን ግን በዚህ የሚያዝንበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ። አር ሲ ኤ በቀለም ድል ከተቀዳጀ በኋላ ከዚህ ድል አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ትምህርቱም «ላቦራቶሪያችንን እንመን፣ ተቺን አንስማ፣ ገንዘብ እናፍስስ፣ በመጨረሻ ይሳካል» የሚል ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያው በፕሪንስተን አዲስ ምርምር ተጀመረ። እንደ ሸክላ ሙዚቃ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ፊልም ቀድቶ በቤት ቴሌቪዥን ማሳየት ነው። መርፌ በደቃቅ ቦዮች ውስጥ እየተጓዘ ሥዕሉን ያነባል። ሥራው እጅግ ረቂቅ ነበር፤ ማንም መሐንዲስ ሊያደንቀው ይገባል። ዓመታት አለፉ፤ ጄኔራሉ በ1971 ሞቱ፤ ልጃቸው ሮበርት ሳርኖፍ በ1975 ከሥልጣን ወረዱ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ተለዋወጡ። በዚህ ሁሉ መካከል የኮምፒዩተሩ ንግድ በ1971 ወደ 490 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አስከትሎ ተዘጋ። ሰሌዳው ግን አልተተወም። በ1981 በማርች ወር በ500 ዶላር ገደማ ለገበያ ቀረበ።

በቀለሙ ታሪክ የለካነውን መለኪያ እዚህም ብናመጣው ምን እናገኛለን? መሻሻል ነበረ፤ ሰሌዳው በየዓመቱ እየተሻለ ሄዷል። ገንዘብም ነበረ። የጐደለው ሌላ ነው። ሰሌዳው በላቦራቶሪ ሲበስል ውጭ ያለው ዓለም ቆሞ አልጠበቀውም። በ1975 ሶኒ ቤታማክስን፣ በ1976 ጄ ቪ ሲ ቪ ኤች ኤስን አወጡ። እነዚህ በቴፕ የሚሠሩ መሣሪያዎች የቴሌቪዥኑን ዝግጅት ይቀዳሉ፤ የአር ሲ ኤ ሰሌዳ ግን የተቀዳውን ከማሳየት በቀር ራሱ ሊቀዳ አይችልም ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው አር ሲ ኤ ራሱ ከ1977 ጀምሮ በጃፓን የተሠራ የቪ ኤች ኤስ መቅጃ በስሙ እየለጠፈ ይሸጥ የነበረ መሆኑ ነው። የሽያጩ ክፍል ሕዝቡ የሚፈልገውን እያየ፣ የምርምሩ ክፍል ደግሞ ሕዝቡ ሊፈልገው ይገባል የሚለውን እየሠራ፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ሰሌዳው የተሻለ ሆኖ ሳለ የገዢው አማራጭ ከእርሱ ይልቅ ፈጥኖ ተሻለ። በ1984 በኤፕሪል ወር ኩባንያው ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ፤ ኪሳራው 580 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተባለ። ከቀለሙ ወጪ ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ይበልጣል፤ በዚያ መካከል የዶላሩ ዋጋ መውደቁን ግን ማስታወስ ይገባል።

ይህን ስናነብ በቀለም ጊዜ የታየው ጽናትና በሰሌዳው ጊዜ የታየው ጽናት ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ዐይነት እንደ ሆኑ እንገነዘባለን። ያው ላቦራቶሪ፣ ያው ኩራት፣ ለተቺ የሚሰጠውም መልስ ያው ነው። ልዩነቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዕቃችን ተሻሻለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ገዢው ያለ እኛ ዕቃ ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ በድፍረት ተጠይቆ እንደ ሆነ ነው። በ1956 የቀለም አማራጭ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር፤ እርሱንም የሚሠራው ያው አር ሲ ኤ ነው። በ1981 የሰሌዳው አማራጭ የጃፓን ቴፕ ነበር።

ሜታን ከላይ ያነሣነው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ስለሚያስችል ነው። ዙከርበርግ ከሳርኖፍ የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በኩባንያው ውስጥ ከድምፁ ከግማሽ በላይ የእርሳቸው ስለ ሆነ ማንም ባለአክሲዮን ሊያወርዳቸው አይችልም። ይህ ለትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ለማቆም ግን ክፉ ነው። በሌላ በኩል ኩባንያው የዚያን ክፍል ኪሳራ ለብቻው አውጥቶ በየሩብ ዓመቱ ስለሚያሳውቅ፣ ተቺው ቢያንስ የሚተቸውን ቁጥር ያውቃል። የሰውን ገንዘብ ይዞ ታገሡኝ የሚል ሰው መዝገቡን መግለጥ ያለበት ይመስለናል።

ሦስተኛው ታሪክ አጭር ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ከሁለቱ ይበልጣል። በዚያው በፕሪንስተን ላቦራቶሪ ጆርጅ ሃይልማየር የተባሉ ወጣት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሊኩዊድ ክሪስታል በተባለ ፈሳሽ ነገር ላይ ይሠሩ ነበር። በሁለት መስተዋቶች መካከል የተዘረጋው ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካው መልኩ ይለወጣል። በዚህም ከባድ ቱቦ ሳያስፈልግ ጠፍጣፋ የሥዕል ሰሌዳ ሊሠራ እንደሚችል ታያቸው። አር ሲ ኤ በ1968 በሜይ ወር ጋዜጠኞችን ጠርቶ ይህን በኩራት አሳየ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴሌቪዥንም ወደፊት ይመጣል ተባለ። ያን ጊዜ የጠላ ወይም ያላገጠ ተቺ አልነበረም። የታገሠለትም አልነበረም። ኩባንያው የባለቀለሙን ቱቦ በሚሊዮን እየሸጠ ሳለ ቱቦን የሚገድል ዕቃ ለማሳደግ የሚቸኩል የክፍል ኃላፊ ከወዴት ይገኛል? ሃይልማየር በ1970 ለቀው ወደ መንግሥት ሥራ ሄዱ። ሻርፕ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1973 ይህን ዐይነት ሰሌዳ በኪስ የሒሳብ መሣሪያ ላይ ገጥሞ ለገበያ አወጣ። ከትንሿ የቁጥር መስኮት ጀምሮ በየዓመቱ እየሸጠ፣ ከሽያጩም እየተማረ፣ ወደ ቴሌቪዥን ለመድረስ ጃፓኖች ሌላ ሃያ ዓመት ያህል ደከሙ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ በዓለም ገበያ ቱቦውን አሸነፈው። በእጃችን ከምንይዛቸው ስልኮችም በዚሁ ፈሳሽ የሚሠሩ አሉ።

ጄኔራል ኤሌክትሪክ አር ሲ ኤን በ1986 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። የቴሌቪዥኑ ፋብሪካ ቶምሰን ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ተላለፈ። በፕሪንስተን የሚገኘው በዴቪድ ሳርኖፍ ስም የተሰየመው ላቦራቶሪ ግን ከነመሐንዲሶቹ በ1987 ኤስ አር አይ ለተባለው የምርምር ድርጅት በስጦታ ተሰጠ።